ዘፈኑን የጻፈው ማን ነው? «ዘ ሶፕራኖስ» በአንድ ክፍል ያሳየው የሙዚቃ ዘረፋ

«ዘ ሶፕራኖስ» የተባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ የተከታተለ ሰው እነዚያ የኒው ጀርሲ ማፊያዎች ገንዘብ የሚያገኙት በቁማር፣ በአራጣና በቆሻሻ ማንሳት ንግድ እንደሆነ ያውቃል። ማርች 14 ቀን 1999 በኤችቢኦ በታየው የመጀመሪያው ሲዝን አሥረኛ ክፍል ግን ታሪኩ ወደ ሙዚቃ ንግድ ይሻገራል። (ሌላ ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የክፍሉ ርዕስ «ኤ ሂት ኢዝ ኤ ሂት» ነው። ሰው ይገደላል፣ ገንዘብ ይዘረፋል፣ አንድ ዘፋኝ ስቱዲዮ ውስጥ በጊታር ይደበደባል። ትልቁ ዘረፋ ግን ታሪኩ ከመጀመሩ አርባ ዓመት ቀደም ብሎ በብዕር የተፈጸመው ነው። ይህን ዘረፋ ለማየት የሙዚቃ ገንዘብ እንዴት እንደሚከፋፈል ማወቅ ስለሚጠይቅ ብዙው ተመልካች ሳያስተውለው የሚያልፍ ይመስለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሲቭ ጂኒየስ የሚባል የናጠጠ ራፐር የድራማው ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነው የማፊያ አለቃ የቶኒ ሶፕራኖ ቤተሰብ የሆነውን ክሪስቶፈርን ቤቱ ይጋብዝና ከሄሽ ራብኪን ጋር እንዲያገናኘው ይጠይቀዋል። ሄሽ የቶኒ አባት ወዳጅ የነበረ አይሁዳዊ ሽማግሌ ነው። ወጣት ሳለ ኤፍ-ኖት በሚባል ኩባንያው የጥቁር ድምፃውያንን ሸክላ እያሳተመ ከበረ፤ አሁን ፈረስ እያረባ ይኖራል። ማሲቭ ፊት ለፊት ሲያገኘው ጥያቄው አጭር ነው፦ ኤፍ-ኖት ያሳተመው፣ ዛሬ በሕይወት የሌለ አንድ ዘፋኝ የእኔ ዘመድ ነው፤ ለቤተሰቡ ያልተከፈለ 400 ሺህ ዶላር ሮያሊቲ፣ ማለትም ከዘፈኑ ገቢ የሚታሰብ ድርሻ፣ አለብህ። ሄሽ አልከፍልም ይላል። ተመልካቹ ሽጉጥ ሲጠብቅ ከሁለቱም ወገን የሚወጣው የጠበቃ ስም ነው።

በዚያው ክፍል አንድ የዱሮ ሸክላ እየተሰማ ሳለ ሄሽን ዘፈኑን አንተ ነህ ወይ የጻፍከው ይሉታል። እሱም ሳያፍር፣ የጻፉት ጥቁር ልጆች እንደሆኑና በዚያ ዘመን የሸክላ ኩባንያ ባለቤቶች ሁሉ ራሳቸውን የዘፈኑ ተባባሪ ደራሲ እያደረጉ ያስገቡ እንደነበር ይናገራል። ንግግሩ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ ንግግር ነው፦ ኖታ የማያነብ፣ አንድ ስንኝ ያልቋጠረ ሰው «ደራሲ» ተብሎ መመዝገቡ ምን ይጠቅመዋል? የዘፋኙን ገንዘብ በጉልበት መቀማት እያለ ስሙን ለምን ይፈልገዋል?

በአንድ ሸክላ ሁለት ንብረት

አንድ ዘፈን ከሸክላም፣ ከካሴትም፣ ከስልክም ሲሰማ አብረው የሚሰሙት ሁለት የተለያዩ ንብረቶች ናቸው። አንደኛው ድርሰቱ ነው፤ ግጥሙና ዜማው ማለት ነው። ሌላ ድምፃዊ ቢዘፍነውም፣ በክራር ቢጫወቱትም፣ ሠርግ ቤት ቢያዜሙትም ያው ድርሰት ነው። ሁለተኛው ቅጂው ነው፤ አንድ ቀን፣ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ፣ በእነዚያ ሙዚቀኞችና በዚያ ድምፃዊ የተቀዳው ድምፅ። በሙያው «ማስተር» ይሉታል።

ድርሰቱን መሬት፣ ቅጂውን በላዩ የተሠራ ቤት አድርገው ቢያስቡት ይቀላል። በዚያ መሬት ላይ ቤት የሠራ ሁሉ፣ ቤቱ ባማረም በፈረሰም ቁጥር፣ ለባለ መሬቱ ይከፍላል። ዋናው ጥያቄ ካርታው በማን ስም ነው የሚለው ነው።

የእኛን ካሴት ሽፋን ያየ ሰው ይህን ክፍፍል ያውቀዋል፦ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሊት፣ ቅንብር እገሌ። በአሜሪካ ሸክላ ላይ ደግሞ ከርዕሱ ሥር፣ በቅንፍ ውስጥ፣ በደቃቅ ፊደል የሚጻፉ አንድ ወይም ሁለት ስሞች አሉ። ዓይን የማይገቡት እነዚያ ስሞች ናቸው ካርታው። ከፍ ብሎ በትልልቁ የተጻፈው የድምፃዊው ስም ለክብር ነው፤ ለኪስ ያለው ትርጉም እጅግ ያነሰ ነበር።

ለምን አነሰ? በሦስት ምክንያት። በመጀመሪያ፣ አሜሪካ ውስጥ የተቀዳ ድምፅ ራሱን ችሎ በፌዴራል የቅጂ መብት ሕግ መጠበቅ የጀመረው ከፌብሩዋሪ 15 ቀን 1972 ወዲህ ነው። በሄሽ ዘመን የተቀዱት ሸክላዎች በየክፍለ ግዛቱ ሕግ ካልሆነ በቀር በፌዴራሉ ሕግ አይታወቁም ነበር፤ ድርሰቱ ግን ይታወቃል። ሁለተኛው ሬዲዮ ነው። የአሜሪካ መደበኛ ሬዲዮ ጣቢያ ዘፈን ባጫወተ ቁጥር ለድርሰቱ ባለቤቶች ይከፍላል፤ ገንዘቡን የሚሰበስቡት በ1914 የተቋቋመው አስካፕና በ1939 የተቋቋመው ቢኤምአይ ናቸው። ለድምፃዊውና ለቅጂው ባለቤት ግን ሬዲዮው እስከ ዛሬ አንድ ሳንቲም አይከፍልም። ብዙ ሰው ሲነገረው የማያምነው ነገር ይሄ ነው፤ እውነት ነው። ሦስተኛው፣ ድምፃዊው ከሽያጭ የሚደርሰው ድርሻ የሚታሰበው የስቱዲዮው፣ የሙዚቀኞቹና የማስታወቂያው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ነው፤ ሒሳቡን የሚይዘውም ኩባንያው ራሱ ነው። የድርሰት ክፍያ በወጪ ማካካሻ እንዲህ አይበላም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። ከ1909 እስከ 1977 ድረስ በሕግ የተቆረጠው የድርሰት ታሪፍ ለአንድ ዘፈን በአንድ ቅጂ 2 ሳንቲም ነበር። ሁለት ጎረምሶች ጽፈው የዘፈኑት ዘፈን አንድ ሚሊዮን ሸክላ ተሸጠ እንበል። ከድርሰቱ ብቻ 20 ሺህ ዶላር ይመጣል። በልማዱ ግማሹ የአሳታሚው ነው፤ እዚህ ላይ አሳታሚ ማለት የድርሰቱን መብት የሚያስተዳድረው ድርጅት ነው። ግማሹ የደራሲዎቹ ነው። የሸክላ ኩባንያው ባለቤት አሳታሚ ድርጅቱንም ራሱ ያቋቁማልና 10 ሺውን ይወስዳል። በደራሲነትም ስሙን ካስገባ ከቀሪው 10 ሺህ ግማሹ፣ 5 ሺው፣ የእሱ ነው። ለሁለቱ ጎረምሶች 5 ሺህ ዶላር ቀረላቸው፤ ለእያንዳንዳቸው 2,500። ባለቤቱ አንድ ቃል ሳይጽፍ 15 ሺህ ወሰደ። ያውም ይህ የመጀመሪያው ዓመት ሽያጭ ብቻ ነው። ሬዲዮው፣ ፊልሙ፣ ማስታወቂያው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ሌላ ድምፃዊ ደግሞ ሲዘፍነው የሚመጣው፣ ሁሉም በዚያው ስሌት ይከፋፈላል።

የሸክላው ጀርባ ደግሞ አለ። ማንም የማይሰማው በጀርባ ያለው ዘፈን ከፊቱ ዘፈን እኩል 2 ሳንቲሙን ያገኛል፤ ሸክላው ሲሸጥ ሁለቱም ናቸው የሚሸጡት። ስለዚህ ብልጡ ነጋዴ ለጀርባው የራሱ የሆነ ተራ ነገር ያስቀዳና ከፊቱ ዘፈን ጋር አብሮ ይጓዛል።

እውነተኛው ሰውዬ

ሄሽ የፈጠራ ሰው ቢሆንም ከምን እንደተቀዳ የማያውቅ የለም። የተቀዳው ሮሌት ሬከርድስ ከሚባለው የሸክላ ኩባንያ ባለቤት ከሞሪስ ሌቪ ነው። ሌቪም የኒው ዮርክ አይሁዳዊ፣ ሌቪም የማፊያ ወዳጅ፣ ሌቪም በስተርጅና ፈረስ አርቢ፤ እርሻው በኒው ዮርክ ግዛት ጌንት በምትባል ስፍራ ነበር።

ሌቪ በ1949 በብሮድዌይ የተከፈተው የበርድላንድ ጃዝ ክበብ ባለቤቶች አንዱ ነበር። እሱ ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ አንድ ቀን የአስካፕ ሰው መጥቶ እዚህ ለሚጫወተው ሙዚቃ በየወሩ ክፈል ይለዋል። ሌቪ መጀመሪያ የመሰለው የሰፈር ዱርዬ የሚሰበስበው ዓይነት የጥበቃ ገንዘብ ነው። ጠበቃውን ሲጠይቅ ግን ሕጋዊ ነው፣ ሁሉም ይከፍላል ይለዋል። ሌላው ሰው ተበሳጭቶ ይከፍልና ይተወዋል። ሌቪ ግን ይህማ እኔ ልገባበት የሚገባ ንግድ ነው ብሎ የራሱን የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ። ከዚያም ፒያኒስቱን ጆርጅ ሺሪንግን ለክበቡ መለያ የሚሆን ዜማ እንዲያወጣለት ጠየቀው። በ1952 የወጣው «ላላባይ ኦፍ በርድላንድ» ስንት የጃዝ ሰው እንደተጫወተው ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም፤ የአሳታሚነት መብቱን ሌቪ ያዘ። እዚህ ላይ የሚወቀስበት ነገር የለም፤ ዜማ ደራሲው ስሙ አልተነካም። ወደ ሌላኛው መንገድ የሄደው ቆይቶ ነው።

የፍራንኪ ላይመን ታሪክ በሕግ ትምህርት ቤቶች ጭምር የሚጠቀስ ነው። በ1956 መጀመሪያ «ዋይ ዱ ፉልስ ፎል ኢን ላቭ» የሚለው ዘፈን ሲወጣ ላይመን የ13 ዓመት ልጅ ነበር። «ዘ ቲንኤጀርስ» ከሚባሉ የኒው ዮርክ ጓደኞቹ ጋር ነው የዘፈነው። ዘፈኑ በአሜሪካ ስድስተኛ፣ በእንግሊዝ አንደኛ ደረጃ ደረሰ። ሲመዘገብ ደራሲ ተብለው የገቡት ላይመንና ሸክላውን ያሳተመው ጆርጅ ጎልድነር ናቸው። ጎልድነር ቁማር የጠናበት ሰው ነበርና ኩባንያዎቹን አንድ በአንድ ለሌቪ እየሸጠ ሄደ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የጎልድነር ስም ከምዝገባው ወጥቶ በቦታው የሞሪስ ሌቪ ስም ገባ። ልብ ይበሉ፦ ዘፈኑ ሲጻፍም ሲቀዳም ሌቪ አልነበረም። ካርታው ግን ተዛወረ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይህ ነው፤ ልዩነቱ ሞኞቹ የአሥራ ሦስትና የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች መሆናቸው ነው።

ላይመን በ1968 በ25 ዓመቱ በሄሮይን ሞተ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፣ ድምፁ ዓለም የዞረ ልጅ ሲሞት እጁ ላይ የረባ ነገር አልነበረም። ነገሩ በዚሁ ይረሳ ነበር፤ በ1981 ግን ዳያና ሮስ ዘፈኑን እንደገና ተጫወተችውና ዳግም ተወደደ፣ ገንዘቡም ዳግም መፍሰስ ጀመረ። ያኔ ሁለት ሙግት ተነሣ። አንደኛው የወራሽነት ነው፤ ሦስት ሴቶች እያንዳንዳቸው ሕጋዊ ሚስቱ እኔ ነኝ ብለው ቀረቡ፣ በመጨረሻ የኒው ዮርክ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለኤሚራ ኢግል ፈረደ። ሁለተኛው ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ ይጠቅማል። ከቡድኑ አባላት ሁለቱ፣ ሄርማን ሳንቲያጎና ጂሚ መርቻንት፣ ዘፈኑን ከላይመን ጋር የጻፍነው እኛ ነን ብለው በ1987 ከሰሱ። ለምን እስከዛሬ ዝም አላችሁ ሲባሉ ልጆች ነበርን፣ ኋላም ማስፈራሪያ ነበረብን ብለው ተከራከሩ። በ1992 የፌዴራል ጁሪ ደራሲዎቹ እነሱ ናቸው ብሎ ወሰነላቸው።

ደስታቸው አራት ዓመት ነው የቆየው። በ1996 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። የሻረው አልጻፉትም ብሎ አይደለም፤ በይርጋ ነው። በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ የባለቤትነት ክስ መቅረብ ያለበት መብቱ መነካቱን ባወቁ በሦስት ዓመት ውስጥ ነው። ሁለቱ ሰዎች ስማቸው እንደሌለ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ሰዓቱ አልፏል ተባለ። ስማቸው የገባበት ጊዜ አለፈና ዘፈኑ ወደ ላይመንና ሌቪ ተመለሰ።

አሁን ሄሽ ለምን እንደዚያ ተማምኖ ቁጭ እንዳለ ይገባል። ማሲቭ በፍትሕ ቋንቋ ሲያወራ ሄሽ ያለው በይርጋ ቋንቋ ነው። አርባ ዓመት ያለፈው የስም ቅሚያ በሕግ ዓይን ሌላ ስም አለው፤ ባለቤትነት ይባላል።

ስም ማስገባት እንደ ጉቦ

ስም የሚገባው ለኩባንያው ባለቤት ብቻ አልነበረም። በ1955 ቸክ ቤሪ «ሜይቤሊን»ን ሲያወጣ ሸክላው ላይ ከእሱ ሌላ ሁለት ደራሲዎች ተጻፉ። አንዱ አለን ፍሪድ ነው፤ በዚያን ጊዜ ዘፈን ሊያነሣና ሊጥል የሚችል የሬዲዮ ዲጄ። ሌላው ራስ ፍራቶ ነው፤ ከሸክላ ኩባንያው ባለቤቶች ጋር የንግድ ትውውቅ የነበረው ሰው። ዲጄው የዘፈኑ አንድ ሦስተኛ ባለቤት ከሆነ ዘፈኑን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያጫውት መገመት አያዳግትም፤ በፖስታ ገንዘብ መስጠትም አያስፈልግ። ቤሪ ሙሉ ደራሲነቱን ያስመለሰው በ1986 ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጀ።

ፔዮላ የሚባለው፣ ዘፈን ለማጫወት ጉቦ የመቀበል ቅሌት በ1959ና በ60 በአሜሪካ ምክር ቤት ሲመረመር ፍሪድ ዋናው ተጠቂ ሆነ። በ1962 ጥፋቱን አምኖ 300 ዶላር ተቀጣ፤ ሥራውን ግን ከዚያ በፊት አጥቶ ነበር፤ በ1965 ሞተ። በ1960 የወጣው ሕግ ገንዘብ ተቀብሎ ዘፈን ማጫወትን ጨርሶ አልከለከለም፤ የከለከለው ለአድማጭ ሳይነግሩ ማድረግን ነው። ፍሪድና ሌቪ ደግሞ የቅርብ ሰዎች ነበሩ፤ ይህ ዓለም ጠባብ ነው።

ማፊያው ሸክላ ውስጥ ምን ያደርጋል?

ድራማው ማፊያንና ሙዚቃን ያገናኘው እንዲያው ለማጣፈጥ አይደለም። ሸክላ በጥሬ ገንዘብ ይሸጣል፤ ጁክቦክስ የሚባለው ሳንቲም የሚበላ የሙዚቃ ሣጥን በየመጠጥ ቤቱ ነበር፤ ስንት ታትሞ ስንት እንደተሸጠ ከአታሚው በቀር የሚያውቅ የለም። ሌቪ የወደቀውም በዚሁ ነው። በ1984 ኤምሲኤ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ያልተሸጡና ከገበያ ያወጣቸውን ከአራት ሚሊዮን በላይ ሸክላና ካሴቶች በ1.25 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። እንዲህ ያለውን ዕቃ ሽፋኑን ጥግ ላይ ይቆርጡታልና «ካትአውት» ይባላል። ዕቃው በሌቪ በኩል አድርጎ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ለሚገኝ አንድ ነጋዴ ተላከ። ነጋዴው ሣጥኖቹን ሲከፍት ደህና ደህናው ተለቅሞ ወጥቷል። አልከፍልም አለ። በ1985 አንድ ማፊያ ፊቱን በቡጢ መትቶ የዓይኑን ጎድጓዳ አጥንት ሰበረው።

ኤፍቢአይ ከዚያ በፊት ስልክ እየጠለፈ ነበር። ሌቪ በ1988 በማስፈራራት ገንዘብ ለመቀበል በማሴር ጥፋተኛ ተብሎ አሥር ዓመት ተፈረደበት፤ ይግባኝ ላይ ሳለ እስር ቤት ሳይገባ በ1990 በካንሰር ሞተ። ነጋዴውን የመታው ጌታኖ ቫስቶላ የዴካቫልካንቴ ቤተሰብ አባል ነበር። ዴካቫልካንቴዎች የኒው ጀርሲ ማፊያ ናቸው። ስለ ሄሽ የምናወራበት ይህ ክፍል በታየበት በዚያው ወር፣ ማርች 1999፣ ኤፍቢአይ የዚህ ቤተሰብ ሰዎች መኪና ውስጥ ስለ «ዘ ሶፕራኖስ» ሲያወሩና ይሄ ነገር እኛ ነን እንዴ እየተባባሉ ሲጠያየቁ ቀድቷቸዋል። ጸሐፊዎቹ የቤት ሥራቸውን ሠርተው ነበር ማለት ነው። ከተዋናዮቹ አንዱ፣ ሲልቪዮን የሚጫወተው ስቲቨን ቫን ዛንት፣ የብሩስ ስፕሪንግስቲን ባንድ ጊታሪስት መሆኑንም እግረ መንገዴን ልጥቀስ፤ ይህን ንግድ ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ሴቱ ላይ ነበር።

የአድሪያና ነገር በአጭሩ። የክሪስቶፈር ፍቅረኛ የሙዚቃ ፕሮዲውሰር መሆን ያምራታል፤ ክሪስቶፈርም የዘረፈውን ገንዘብ ለአንድ ደካማ የሮክ ባንድ ስቱዲዮ ኪራይ ያፈሳል። ዘፋኙ አንዱን ዘፈን ደግሞ ደጋግሞ ካልቀዳሁ ሲል ሰዓቱ ይቆጥራል፤ ክሪስቶፈር ትዕግሥቱ ያልቅና ጊታር ያነሣበታል። አስቂኝ ትዕይንት ነው፤ ግን የስቱዲዮ ሰዓት የሚቆጥረው በማን ላይ እንደሆነ ያሳያል። በመደበኛ ውል ኩባንያው የሚሰጠው «ቅድሚያ ክፍያ» ስጦታ አይደለም፣ ከድምፃዊው የወደፊት ድርሻ ተቀናሽ ነው። ያ ባንድ ኩባንያ ቢያገኝ ኖሮ እያንዳንዷ ድጋሚ ቅጂ በራሱ ዕዳ ላይ ትጻፍ ነበር። ሄሽ ቅጂውን ሰምቶ የሚፈርደው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ሂት ሂት ነው፣ ይሄ ሂት አይደለም። ሌባ ይሁን እንጂ ጆሮው አልዋሸም፤ ክፍሉን የምወደው አንዱ በዚህ ነው።

የመልስ ምቱ

ማሲቭ እከስሃለሁ ሲል ሄሽ በተከሳሽ ከሳሽነት ክስ ይመልስለታል፦ የአንተ ሰዎች ባወጡት ሥራ ውስጥ ከኤፍ-ኖት ሸክላ ተቆርጦ የገባ ድምፅ አለ፤ ማን ፈቀደላችሁ?

ይህ ሳምፕል የሚባለው ነው። ከአሮጌ ቅጂ ጥቂት ሰከንድ ቆርጦ፣ ደጋግሞ አዙሮ፣ በላዩ ራፕ ማድረግ። ከላይ ያልነውን ሁለት ንብረት ያስታወሰ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ የሚያስፈልገው ሁለት ፈቃድ ነው፣ አንድ ከቅጂው ባለቤት፣ አንድ ከድርሰቱ ባለቤት። ሄሽ ሁለቱንም ነው። እስከ 1991 ድረስ ብዙ ራፐሮች ይህን እንደ ቀልድ ያዩት ነበር። በዚያ ዓመት ቢዝ ማርኪ የጊልበርት ኦሱሊቫንን ዘፈን ሳያስፈቅድ በመጠቀሙ ኒው ዮርክ ላይ ሲከሰስ ዳኛው ውሳኔያቸውን የጀመሩት ከኦሪት ዘፀአት «አትስረቅ» በሚለው ቃል ነው፤ ጉዳዩ በወንጀል እንዲታይም ወደ ዐቃቤ ሕግ መሩት። ከዚያ ወዲህ ኩባንያዎች አስቀድመው ማስፈቀድን ልማድ አደረጉት።

ስለዚህ ድራማው ያሳየው ሁኔታ ይሄ ነው፦ ከጥቁር ልጆች ዘፈን የቀማው ሰው፣ ከእሱ ሳያስፈቅድ ጥቂት ሰከንድ የወሰደውን ጥቁር ወጣት በሌብነት ይከሰዋል፣ ሕጉም ከእሱ ጋር ነው። ማሲቭ ዋናውን ጥያቄ ይዞ መጥቶ በትንሿ ጥፋቱ ተያዘ። ጸሐፊዎቹ ማሲቭንም መልአክ አላደረጉትም፤ የአድሪያናን ሙዚቃ የሚያደንቅ መስሎ ዓይኑ እሷ ላይ ነው።

ስም ማስገባቱ ከሌቪ ጋር አልተቀበረም። በ2021 የታወቁ ዘፈን ደራሲዎች «ዘ ፓክት» በሚል ስም ተሰባስበው፣ ዘፈኑ ላይ ምንም ላልጻፈ ድምፃዊ ከእንግዲህ የድርሰት ድርሻ አንሰጥም ብለው በይፋ ደብዳቤ አወጡ። ዛሬ ስሙን የሚጠይቀው የሸክላ ነጋዴው ሳይሆን ኮከቡ ነው፤ ካልሰጠኸኝ ዘፈንህን አልዘፍነውም በሚል።

ወደ እኛ ሸክላና ካሴት ስንመጣ

የእኛን ሀገር ከዚህ ጋር አንድ ማድረግ ልክ አይሆንም፤ በእኛ ካሴት ላይ የግጥምና የዜማ ደራሲ ስም መጻፉ የቆየ ወግ ነው። ችግሩ ያለው ከስሙ ቀጥሎ ነው። በሸክላውና በካሴቱ ዘመን የተለመደው አንድ ጊዜ ተከፍሎ መለያየት ነበር፤ ገጣሚውም ዜማ ደራሲውም ድምፃዊውም ከሙዚቃ ቤቱ የተስማሙበትን ተቀብለው ይሄዳሉ። ሬዲዮው ቢያጫውተው፣ ሆቴሉ ቢከፍተው፣ ተመልሶ የሚመጣ ነገር የለም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት፣ ከዋኙና የድምፅ ቅጂ አምራቹም እያንዳንዳቸው 50 ዓመት የሚጠበቅ መብት አገኙ። በእኛው አቆጣጠር በ2007 የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ 872፣ ሮያሊቲን በጋራ የሚሰበስቡ ማኅበራት የሚቋቋሙበትን መንገድ አበጀ።

ሳምፕሉም እኛ ጋ ደርሷል። ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 ያወጡት «አዝ ዊ ኢንተር» የተሠራው ከሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» በተቆረጠ ድምፅ ላይ ነው። ያ ቅጂ መጀመሪያ የታተመው በአምኃ እሸቴ ኩባንያ፣ በአምኃ ሬከርድስ ሲሆን፣ ፓሪስ ላይ በሚታተመው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ እንደገና ወጥቷል። አንድ አጭር የመሣሪያ ሙዚቃ ስንት እጅ እንዳለፈ ይቁጠሩት፦ የደረሰው፣ ያሳተመው፣ ዳግም ያሳተመው፣ ቆርጦ የተጠቀመበት። በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ አንድ ውል መኖር አለበት።

ዛሬ ይህ ጥያቄ በየቤቱ የሚነሣው ዩቲዩብ ላይ ነው። የመድረኩ ማወቂያ ሥርዓት አንድ ድምፅ የማን እንደሆነ በጆሮው አይለይም፤ የሚያውቀው ይህ የእኔ ነው ብሎ ያስገባለትን ነው። የአባታቸው ወይም የእናታቸው ካሴት በሌላ ሰው ቻናል ላይ ገንዘብ ሲሰበስብ ያዩ ልጆች መጀመሪያ መፈለግ ያለባቸው ከሙዚቃ ቤቱ ጋር የተፈረመውን ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከተገኘ ሦስት ነገር ይታያል፦ የተሸጠው ድርሰቱ ነው ወይስ ቅጂው? የተፈቀደው ካሴት ማባዛት ብቻ ነው ወይስ «በማናቸውም መንገድ» የሚል ቃል አለበት? የጊዜ ገደብስ ተጽፎበታል? ወረቀቱ ከጠፋ ደግሞ የካሴቱ ሽፋን ራሱ ማስረጃ ነው፤ በደቃቁ የተጻፈውን መስመር ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ ነው።